ሂንዲ ስንማር አማርኛችንን ወደ ጎን ትተን የምንሠራቸው ስህተቶች

ዴልሂ ተማሪ ሳለሁ ለሕክምና ከአገር ቤት የሚመጡ ሰዎችን እያጀብኩ ሆስፒታል መመላለስ ልማዴ ነበር። ሐኪሞቹ እንግሊዝኛ አያቅታቸውም። ቀኑን ሙሉ የምናገኛቸው ሰዎች ግን ሌሎች ናቸው፦ አልጋ የሚገፋው ሠራተኛ፣ መድኃኒት ቤት የቆመው ልጅ፣ የሪክሾው ሹፌር፣ ማታ አጠገባችን ወንበር ላይ የምታድረው የሌላ ሰው አስታማሚ። ከእነሱ ጋር የሚያግባባው ሂንዲ ነው። ዱባይና ዶሃ ያሉ እህቶቻችንም ከሹፌርና ከባለሱቅ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሰውየው «የእኔ ኡርዱ ነው» ቢላቸውም የዕለት ተዕለቱ ሰዋስው አንድ ነው። ሕክምናው ቼናይ ከሆነ ግን ሂንዲ ተምሮ መሄድ ብዙም አይጠቅምም፣ የሚነገረው ታሚል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ሂንዲን አፍ መፍቻዬ ያለው 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር፤ ይህም ከአገሩ ሕዝብ ከግማሽ በታች ነው።

ከሁሉም በፊት የማነሣው ስህተት ሂንዲን በእንግሊዝኛ በኩል መማር ነው። መጽሐፉም የስልክ መተግበሪያውም በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጅ፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ሂንዲ እንገለብጣለን። መንገዱ ይረዝማል፤ በእጃችን የነበረውም መሀል ላይ ይወድቃል። ሂንዲ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሜ ፓኒ ፒቲ ሁን» ማለት «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይነካ። ደግሞም አማርኛ የሰጠን ነገር ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ከታች ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ቃላቱን በእኛ ፊደል የጻፍኩት ለጀማሪ እንዲቀል ነው፤ ነገር ግን ፊደላችን ሁሉንም የሂንዲ ድምፅ አይዝም። «ካና» ከትንፋሽ ጋር ሲባል ምግብ ነው፣ ያለ ትንፋሽ ሲባል አንድ ዓይና ማለት ነው። «በቻ» ቻን አጥብቀው ሲሉት ሕፃን፣ አላልተው ሲሉት ዳነ ወይም ተረፈ ይሆናል፤ ልክ እንደ እኛው «ገና» እና «ገና»። በ«ሁን»፣ በ«ሄን» እና በ«ሜን» መጨረሻ ያለው ን ምላስ ሳይነካ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። «ሜ» ያልኩት እኔ፣ «ሜን» ያልኩት ውስጥ ማለት ነው፤ «ሜ»ም በአፍንጫ ይወጣል፣ ን ያልጨመርኩበት ሁለቱ እንዳይምታቱ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ያገኘ ሰው የእነሱን ፊደል ዴቫናጋሪን ይማር። ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቀለም የሚያጣብቅ ፊደል ስለሆነ፣ ሀ ሁ ሂ ለቆጠረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ምንም ያልተቀጠለበት ፊደል እንደ ግዕዙ «ከ» ይነበባል።

«እኔ ተራብኩ» ብሎ መጀመር

ብዙ ጀማሪ ሲርበው «ሜ ቡካ ሁን» ይላል፤ እኔ ረሃብተኛ ነኝ እንደማለት ነው። ሰዋስዉ አልተሰበረም፣ ግን ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ አይልም። የሚባለው «ሙጄ ቡክ ለጊ ሄ» ነው። «ሙጄ» ማለት «እኔን» ወይም «ለእኔ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ማንም ሊያስረዳው አይገባም፤ እኛም የምንለው ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ ነውና። ረሃቡ ነው የሚሠራው፣ እኔ የሚሠራብኝ ነኝ። «በረደኝ» ለማለት «ሙጄ ተንድ ለግ ረሂ ሄ» ይባላል።

ይህ መንገድ አንዴ ከተያዘ ብዙ በር ይከፍታል። «ያስፈልገኛል» የሚለው «ሙጄ ቻሂዬ» ነው፦ «ሙጄ ፓኒ ቻሂዬ»፣ ውሃ ያስፈልገኛል። እዚህ ላይ «ሜ ፓኒ ቻሂዬ» ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ፤ «እኔ ውሃ ያስፈልጋል» እንደማለት ነው፣ ጎዶሎ። «መሄድ አለብኝ» ደግሞ «ሙጄ ጃና ሄ» ይሆናል። «ጃና» መሄድ፣ «ሄ» አለ፣ «ሙጄ» ያው የእኛ «ብኝ» ነው። «ሂንዲ አልችልም» ለማለትም «ሙጄ ሂንዲ ነሂን አቲ» ይላሉ፤ ሂንዲ አይመጣልኝም። «አላውቅም» ሲሉም «ሙጄ ፐታ ነሂን» ነው። እንግሊዝኛው ሁሉንም በ«እኔ» ስለሚጀምር ነው ተማሪው «ሜ» ላይ የሚጣበቀው። ከአፋችሁ ሊወጣ ያለው የአማርኛ ግሥ በ«ኝ» የሚያልቅ ከሆነ፣ በሂንዲም «ሙጄ» የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

«አለኝ»ን በአንድ ቃል መተርጎም

እዚህ ላይ ግን አማርኛ ራሱ ያሳስተናል። ገንዘብ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትኩሳት አለኝ፤ ለእኛ ሁሉም አንድ ነው። ሂንዲ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። በእጅ ያለ ነገር በ«ፓስ» ነው፣ ትርጉሙ አጠገብ፦ «ሜሬ ፓስ ፔሴ ሄን»፣ ገንዘብ አለኝ። ዘመድ ግን «ፓስ» አይፈልግም፦ «ሜሬ ዶ በቼ ሄን»፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ልጆቹን በ«ፓስ» ብትናገሩ፣ አሁን እኔ ዘንድ ያሉ ልጆች ወደሚል ያዘነብላል። ሕመም ደግሞ ወደ «ሙጄ» ይመለሳል፦ «ሙጄ ቡኻር ሄ»፣ ትኩሳት አለኝ።

ከ«ቱ» መጀመር

ሂንዲ «አንተ» ወይም «አንቺ» ለማለት ሦስት ቃል አለው፤ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው «ቱ» ስለሆነ ሰው እሱን ይይዛል። አትያዙት። «ቱ» ለእግዚአብሔር፣ በብዙ ቤት ለእናት፣ ለልብ ጓደኛና ለትንሽ ልጅ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ሲነገር ንቀት ይሆናል። «ቱም» ለእኩያ፣ «አፕ» ደግሞ እርስዎ ነው። ለጀማሪ አንድ ብቻ ይበቃዋል፣ እሱም «አፕ»። ከእያንዳንዱ ጋር የሚሄደው ግሥ የተለየ ነው፤ «አፕ ሄን»፣ «ቱም ሆ»፣ «ቱ ሄ»። «አፕ ኬሴ ሆ?» የሚል ሰው ዴልሂ ውስጥ አይጠፋም፤ እናንተ ግን «አፕ ኬሴ ሄን?»፣ እንዴት ነዎት፣ ብላችሁ ጀምሩ።

እኛ ስለ አንድ አባት «መጥተዋል» ብለን በብዙ ቁጥር እንደምናከብር፣ እነሱም «ፒታጂ አዬ ሄን» ይላሉ። እንግሊዝኛ ይህን ስለማያውቅ የውጭ ተማሪ ሁሉ ይሰናከልበታል፤ የእኛ ሰው ግን እዚህ መሰናከል የለበትም። «ጂ» የአክብሮት ቃል ናት፤ እንደ «ጋሼ» ከስም በፊት ሳይሆን ከስም በኋላ ትመጣለች። ስሙን የማታውቁትን ሹፌር ወይም ባለሱቅ «በያ»፣ ወንድሜ፣ በሉት፤ በዕድሜ የምትበልጣችሁን ሴት «ዲዲ»፣ እናታችሁ የምትሆነዋን «አንቲ»።

የራስን ጾታ መርሳት

«እሄዳለሁ» ሲባል የተናገረው ወንድ ይሁን ሴት ግሡ አይናገርም። በሂንዲ ይናገራል። ወንድ «ሜ ጃ ረሃ ሁን»፣ ሴት «ሜ ጃ ረሂ ሁን» ትላለች፤ እየሄድኩ ነው። እኔ ቋንቋውን መጀመሪያ የለቀምኩት ከሪክሾ ሹፌሮች ስለነበር ለሳምንታት «ጃ ረሃ ሁን» ስል ከረምኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ባልቴት ደረጃው ላይ አስቆሙኝና «ቤቲ፣ ጃ ረሂ ሁን ቦሎ» አሉኝ፤ ልጄ፣ እንዲህ በይ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም። ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠሩ ሴቶች ከወንድ ሹፌር ሲማሩ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ሴት ከሆናችሁ የሴት አፍ ፈልጋችሁ ስሙ፣ ወንድ ከሆናችሁም የወንድ። የእኛ «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ «አፕ» ግን በግሡ ይለያል፤ ለወንድ «አፕ ጃቴ ሄን»፣ ለሴት «አፕ ጃቲ ሄን»።

የዕቃን ጾታ እንደ ስሜት መቁጠር

አማርኛ ለዕቃ ጾታ ሲሰጥ ልቡን ይከተላል። የወደድነውን ቤት «ደስ ትላለች» እንላለን፣ ትንሿን መኪና «ይቺ» እንላለን፣ ነገ «ይሄ» ብንላትም ማንም አያርመንም። በሂንዲ ምርጫ የለም። ሻይ ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ውሃ ሁልጊዜ ወንድ ነው፦ «ቻይ ተንዲ ሄ»፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ «ፓኒ ተንዳ ሄ»፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በ«አ» ድምፅ የሚያልቅ ቃል ብዙ ጊዜ ወንድ፣ በ«ኢ» የሚያልቅ ብዙ ጊዜ ሴት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን የምትማሩት «ፓኒ» ራሱ በ«ኢ» እያለቀ ወንድ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትያዙት፤ ከቅጽል ጋር ያዙት። «አቺ ሮቲ»፣ ጥሩ ቂጣ፤ «አቻ ዱድ»፣ ጥሩ ወተት፤ «አቺ ኪታብ»፣ ጥሩ መጽሐፍ፤ «አቻ ገር»፣ ጥሩ ቤት። «ጋሪ» መኪና ናት፣ ከእኛው ጋሪ ብዙ ሳትርቅ፣ እሷም ሴት ናት። መድኃኒት፣ «ደዋኢ»፣ ሴት ናት። የላቦራቶሪ «ሪፖርት»ም እንዲሁ።

ከዚህ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፣ እኔ ከሁሉም አስቸጋሪ የምለው። «ኡስኪ ማ» ሲባል የሰማ ሰው «ኡስኪ» የሴት ስለሚመስል «የእሷ እናት» ብሎ ይተረጉማል። አይደለም። «ኡስኪ» ሴት የሆነችው እናት ሴት ስለሆነች ነው፤ ባለቤቱ እሱም ሊሆን ይችላል እሷም። «ኡስካ ባኢ» የእሱም የእሷም ወንድም ነው። እኛ «የእሱ» እና «የእሷ» ስንል ዓይናችን ባለቤቱ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ንብረቱን ያያሉ። «የእኔ»ም በዚሁ ይታጠፋል፦ «ሜራ ባኢ»፣ ወንድሜ፤ «ሜሪ ቤሄን»፣ እህቴ፤ ለአክብሮት ደግሞ «ሜሬ ፒታጂ»፣ አባቴ። ሴት ስለሆንኩ ሁሉን «ሜሪ» ልበል ማለት አይሠራም።

«ኔ»ን መዝለል

ተቀባይ ያለው ድርጊት አልቆ ሲያበቃ አድራጊው «ኔ» የምትባል ቃል ይቀበላል፣ ግሡም ፊቱን ከአድራጊው ወደ ተደራጊው ያዞራል። «ሜኔ ቻይ ፒ»፣ ሻይ ጠጣሁ፤ ሻይ ሴት ስለሆነች «ፒ»። «ሜኔ ፓኒ ፒያ»፣ ውሃ ጠጣሁ፤ ውሃ ወንድ ስለሆነ «ፒያ»። የጠጣው ወንድ ይሁን ሴት እዚህ ላይ ግሡ አይጠይቅም። «ሜ ቻይ ፒያ» የሚለው የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። የእኛ ግሥም «ጠጣሁት» ሲል ተደራጊውን ይነካል፣ አድራጊውን ግን ፈጽሞ አይለቅም፤ ስለዚህ ይህ ለእኛም አዲስ ነው፣ በልምምድ ብቻ ይገባል። ነርሷ «አፕኔ ደዋኢ ሊ?» ብላ ስትጠይቅ፣ መድኃኒቱን ወሰዱ ወይ ማለቷ ነው፤ መልሱ ከወንድም ከሴትም «ጂ፣ ሊ»፣ አዎ፣ ወስጃለሁ፣ ነው።

ተቀባይ የሌለው ግሥ «ኔ» አይፈልግም፤ «ሜ ገያ» ወንዱ፣ «ሜ ገኢ» ሴቷ፣ ሄድኩ። ማምጣት፣ «ላና»፣ እና መርሳት፣ «ቡልና»፣ ተቀባይ ቢኖራቸውም ያለ «ኔ» ይሄዳሉ። «ረሳሁ» ለማለት እኔ «ሜ ቡል ገኢ» እላለሁ።

የቀሩት ቀለል ያሉ ናቸው። እኛ «ከዴልሂ» ስንል «ከ» ትቀድማለች፣ በሂንዲ ትከተላለች፦ «ዲሊ ሴ»። እንደ «ጠረጴዛው ላይ» አስቡት። እንዲህ ያለ ቃል ሲከተለው በ«አ» የሚያልቅ የወንድ ስም መጨረሻው ወደ «ኤ» ይቀየራል፣ ገላጩንም ይዞ፦ «ሜራ ከምራ»፣ የእኔ ክፍል፤ «ሜሬ ከምሬ ሜን»፣ ክፍሌ ውስጥ። «ክያ» ፊት ላይ ስትመጣ የእኛ «ወይ» ናት፣ ግሡ አጠገብ ስትመጣ «ምን» ናት፤ «ክያ አፕ ካና ካኤንጌ?» ምግብ ይበላሉ ወይ፣ «አፕ ክያ ካኤንጌ?» ምን ይበላሉ።

ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ «ክሪፕያ» ይላል። ያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቋንቋ ነው። «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ ግሡ ውስጥ እንዳለ፣ በእነሱም «ዲጂዬ» ውስጥ አለ። ማለስለስ ከፈለጋችሁ «ዘራ» ጨምሩ፣ የእኛ «እስቲ» ማለት ይቻላል፦ «ዘራ ፓኒ ዲጂዬ»።

«ከል» ላይ መቸኮል

«ከል» ትናንትም ነገም ነው። «ፐርሶን»ም ከትናንት ወዲያም ከነገ ወዲያም ነው። የሚለየው ግሡ ነው፦ «ከል ሪፖርት አኢ ቲ»፣ ውጤቱ ትናንት መጥቶ ነበር፤ «ከል ሪፖርት አኤጊ»፣ ነገ ይመጣል። «ከል»ን ሰምቶ ግሡን ሳይጠብቅ የሚነሣ ሰው ዴስኩ ላይ ያለ ወረቀት ጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አንዲት እናት ይህ ሲደርስባት አይቻለሁ፣ ውጤቱ ቀድሞ ደርሶ ሳለ ሌላ ሌሊት በጭንቀት አደረች። ግሡ ካመለጣችሁ «ኪስ ዲን?»፣ በየትኛው ቀን፣ ብላችሁ ጠይቁ። «ሶምዋር ኮ» ካሏችሁ ሰኞ ነው።