የስሎው ኩከር ዶሮ በአትክልት፦ ድንቹ ሲጠነክር፣ ዶሮው ሲደርቅ፣ መብራት ሲጠፋ

ከውጭ የሚመጣ የስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት) አሠራር ላይ የተጻፈው ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አይበቃም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከታች ላለው ሁሉ መነሻው ይህ መጠን ነው፦ ለ4 ሊትር ድስት 1 ኪሎ አጥንት ያለው የዶሮ ታፋ፣ 3 ሽንኩርት፣ 3 መካከለኛ ድንች፣ 2 ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ፣ ጨው።

ዶሮው በስሏል፣ ድንቹና ካሮቱ ግን ጥሬ ነው

በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ነው። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ለመበላት ይበቃል። ድንችና ካሮትን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን ግን ከ80 ዲግሪ ካላለፈ በቅጡ አይላላም፤ እኛ ጋ ደግሞ መረቁ ቢፈላም ጣሪያው 92 ነው። ቲማቲምና ሎሚ ከመጀመሪያው ከገቡ ይብሳል፤ ኮምጣጣ ነገር ፔክቲኑ ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል።

መፍትሔ፦ ድንቹንና ካሮቱን በ2 ሴንቲ ሜትር ክተፉና ከታች፣ የድስቱን ግድግዳ አስነክታችሁ ደርድሩ፤ ዶሮውን ከላይ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በሃይ (ከፍተኛው ሙቀት) አስጀምሩና ወደ ሎው (ዝቅተኛው) መልሱት። ቲማቲም ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይግባ፣ ሎሚ ከወጣ በኋላ። ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ ቀድመው ከገቡ ይላሽቃሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀር ጨምሯቸው። ክዳኑን ለማየት ብላችሁ አትክፈቱ፣ በከፈታችሁ ቁጥር እስከ 20 ደቂቃ ታጣላችሁ። እራት ደርሶ ድንቹ እንቢ ካለ ዶሮውን አውጡና አትክልቱን ከነመረቁ ብረት ድስት ላይ ገልብጣችሁ ምድጃ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አንተክትኩት።

ዶሮው ደርቆ አፍ ውስጥ አልዋጥ ይላል

ደረት ነው የገባው፣ ሰዓቱም አልፏል። ደረት ስብም ጅማትም የለው፤ ከ74 ዲግሪ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ውኃውን ያስወጣዋል። የፈረንጅ ዶሮ ደረት በሎው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ጠዋት ጥዳችሁ ሥራ ውላችሁ ለምትመለሱ ግን ታፋ ግዙ፤ 7 ሰዓት ቢቆይም ጭማቂነቱን አይለቅም። የደረቀውን ዘንጥላችሁ ትኩስ መረቅ አልብሱትና ከድናችሁ 15 ደቂቃ ተዉት።

በሹካ አልዘነጠል ይላል

ከመድረቅ ጋር አታምታቱት። ታፋው እንደ ጎማ ከተሳበ ጅማቱ ገና አልቀለጠም፤ ሌላ አንድ ሰዓት ስጡት። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ ከሆነች በስሎው ኩከር ብቻ ቀን ትፈጃለች። አስቀድማችሁ ምድጃ ላይ 45 ደቂቃ ቀቅሏት፣ ከዚያ 8 ሰዓት በሎው። መዘንጠሉ በትኩሱ በሁለት ሹካ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቆራረጣል እንጂ ክር አያወጣም።

መረቁ ውኃ ውኃ ይላል

ክዳኑ እንፋሎት አያስወጣም፤ ዶሮውና ሽንኩርቱ የለቀቁት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ግማሽ ኩባያ የተባለውን አትለፉ። ከቀጠነ መረቁን ሰፊ መጥበሻ ላይ አፍልታችሁ አጋምሱት።

በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይሸታል

ስሎው ኩከር አያቁላላም። ሽንኩርቱን ምድጃ ላይ አቁላሉ፣ በርበሬውን በዘይት ጠብ ጠብ በሚል ውኃ 10 ደቂቃ አብስሉና ከዚያ ወደ ድስቱ ገልብጡ። መከለሻና ቅቤ መጨረሻ ላይ።

ሰዓቱ ደርሶ ምንም አልበሰለም

ዶሮው ከፍሪዘር በቀጥታ ገብቶ ከሆነ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚራባውም ያኔ ነው። ማታውን ፍሪጅ ውስጥ አውርዱት።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ኃይሉ ነው። መብራቱ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የድስቱ ሙቀት አምጪ የሚያገኘው ኃይል ከመደበኛው ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል፤ ማታ ማታ ኃይል በሚወርድበት ሰፈር ከሆናችሁ ጠዋት ጣዱ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ባለ 120 ቮልት ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሶኬቱ ጋር እንዳይገናኝ፣ ይቃጠላል። ለአዲስ አበባ በእጅ የሚዞር ማብሪያ ያለው ይሻላል፤ ዲጂታሉ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ራሱ አይነሣም።

መብራት የሄደው እናንተ ቤት እያላችሁ ከሆነ ወዲያው ወደ ብረት ድስት ገልብጣችሁ ቡታጋዝ ላይ ጨርሱት። የሴራሚኩን ድስት እሳት ላይ አትጣዱት፣ ይሰነጠቃል። ሳትኖሩ ጠፍቶ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ካላወቃችሁ ግን የበሰለ ቢመስልም ይደፋ።