ኬደንላይቭ ያለ ኬዲኢ፦ አይከኖቹ የት ሄዱ?

ምልክት፦ ዙቡንቱ (ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሊኑክስ) በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ኬደንላይቭ ይከፈታል፣ ቪዲዮውም ይጫወታል፤ መቁረጫውና ማስቀመጫው የነበሩበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ማውሱን በባዶው ላይ አሳርፉ። ስሙ ብቅ ካለ አዝራሩ አለ፣ የጎደለው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ምክንያት፦ ኬደንላይቭ ኬዲኢ የተባለው የዴስክቶፕና የፕሮግራሞች ቤተሰብ አባል ስለሆነ ብሪዝ የሚባለውን የአይከን ስብስብ ይጠብቃል። የኤክስኤፍሲኢ ስብስቦች የሚፈልጋቸውን ሥዕሎች ሁሉ አልያዙም። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል የሚመከሩ ጥቅሎች (ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች) ተዘልለው ከሆነ ብሪዝ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ብሪዝ ኖሮም ጥቁር አይከን በጥቁር ገጽታ ላይ ተቀምጦ ሊጠፋ ይችላል።

መፍትሄ፦ ብሪዝ-አይከን-ቲም የተባለውን ጥቅል ጫኑ። በኬደንላይቭ የቅንብር ምናሌ ውስጥ የብሪዝ አይከኖችን የሚያስገድደውን ምርጫ አብሩና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። የጠፋው በጨለማው ምክንያት ከሆነ የቀለም ገጽታውን እዚያው ቀይሩ። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ሰው ግን በዚህ አይረካም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ የአዝራሮቹን ቦታ በቃሉ አጥንቶ በባዶው ላይ ሲጫን ኖሯል፤ ረዳቱንም «ከግራ አራተኛው ባዶ» እያለ አሠልጥኖታል። መርካቶ ያለው ሌላ ቤት ደግሞ «ባለሙያ» ጠርቶ፣ ለጥቂት ሥዕሎች ብሎ የኬዲኢን ዴስክቶፕ ፕላዝማን ሙሉውን አስጫነ። 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ሁለት የፋይል አስተዳዳሪ፣ ሁለት የይለፍ ቃል ጠባቂ፣ በዚያ ላይ ዲስኩን የሚበረብር የፍለጋ መዝጋቢ! ሙሽራዋ በየቀኑ እየደወለች ነበር። ፕላዝማን ለአይከን ብላችሁ አትጫኑ። ሲስተሙን ደምስሳችሁም አትጀምሩ።

በእርግጥ ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ አይደለም። ፕሮግራም ኬዲኢ በሚጠቀምበት የመስኮትና የአዝራር መሥሪያ በኪውቲ መሠራቱ ነውር የለበትም፤ ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲም በኪውቲ የተሠራ ነው፣ በየትኛውም ዴስክቶፕ ላይ ግን አዝራሮቹን አሟልቶ ይቀርባል። ሌላው መሥሪያ ጂቲኬም ቢሆን መጀመሪያ የተሠራው ለሥዕል ማረሚያው ለጊምፕ እንጂ ለጂኖም ዴስክቶፕ አልነበረም። የሚያናድደኝ ያለ ሥዕል መሥራት የማይችል ፕሮግራም ሥዕሉን ጎረቤት ያቀርብልኛል ብሎ ባዶ እጁን መምጣቱ ነው።

ጥቅል ማውረድ ከከበዳችሁ አፕኢሜጁን (በአንድ ፋይል የተጠቃለለውን ኬደንላይቭ) ተጠቀሙ፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል። ነገር ግን በ20.08 ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ ስሪት የተቀመጠ ፕሮጀክት ከ20.08 በፊት በወጡት ስሪቶች አይሠራም። የተጀመረ ሰርግ ሳያልቅ ስሪት አትቀይሩ። የግድ ከሆነ የፕሮጀክቱን ፋይል መጀመሪያ ቅዱ። ቅዱ አልኩ!

አማርኛ በጂቲኬ ፕሮግራሞች እየተጻፈ በኬደንላይቭ የርዕስ መጻፊያ ላይ እምቢ ካለ፦ ኪውቲ-አይኤም-ሞጁል የተባለው የሲስተሙ ተለዋዋጭ «አይባስ» (የቋንቋ መጻፊያው ስም) መባሉን አረጋግጡ፤ ከዚያ ከሲስተሙ ወጥታችሁ ግቡ።

ፕሮግራሞች ለመከፈት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ከፈጁ፦ የዴስክቶፕ ፖርታሉ (ፕሮግራሞችን ከዴስክቶፑ ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት) መልስ እየሰጠ ላይሆን ይችላል። የጂቲኬውን ፖርታል ጫኑ፣ ከሌላ ዴስክቶፕ የተረፈውን አስወግዱ።

አዳዲሶቹ የጂኖም ፕሮግራሞች የመረጣችሁትን ገጽታ አልቀበል ካሉ፦ የተሠሩበት ሊብአድዋይታ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። አትድከሙ።