ሥራ ሲጠፋ “ተመስገን” እያልን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ሆኜ 11 ዓመቴ ነው። የእድር ጸሐፊ ማን ሥራ እንዳጣ ከዘመድ ቀድሞ ያውቃል። መጀመሪያ ወርሃዊ መዋጮው ይዘገያል። ቀጥሎ በልጅ እጅ ይላካል። ከዚያ ሰውየው ራሱ ከለቅሶ ቤት ይጠፋል። መንገድ ላይ አግኝታችሁ “እንዴት ነህ?” ስትሉት ግን መልሱ ያው ነው፤ “ተመስገን፣ ደህና ነን።”

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድሏ አስወጣች። ከኢንዱስትሪ ፓርካችን ያለ ቀረጥ ይገባላት የነበረው ልብስ ገበያው ተመታ፤ ብዙ ልጆችም ከሥራ ወጡ። ያን ሰሞን ይህቺን “ተመስገን” በቀን አሥር ጊዜ ሰማኋት። ማመስገን ሰውን ያጸናል፤ እሱን አልክድም። አያያዙን ግን እናበላሸዋለን።

ተመስገንን መጋረጃ ማድረግ

ከዚህ የምጀምረው እኔው ራሴ ስለሠራሁት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ለቤቴ አልተናገርኩም። 19 ቀን ሙሉ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ምሳ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ቀጥታ ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ። እዚያ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጋር እውላለሁ። እነሱ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ እኔ 11፡30 እስኪሆን እጠብቃለሁ። ማታ ማዕድ ላይ “ተመስገን፣ በሰላም አዋልከን” እላለሁ። ባለቤቴ “አሜን” ትላለች።

በ20ኛው ቀን ምሳ ዕቃውን ከፍታ አሸተተችው። “መሥሪያ ቤታችሁ ዓሣ ማስገር ጀመረ እንዴ?” አለችኝ።

አሁን ስናወራው እንስቃለን። ያኔ ግን አላሳቀንም። ለምን ብትሉ፣ በእነዚያ 19 ቀናት እሷ ለልጆቹ ጫማ ገዝታለች። እቁቧንም ከግማሽ ዕጣ ወደ ሙሉ ዕጣ ከፍ አድርጋለች። እኔ ማዕድ ላይ አመሰግናለሁ፣ እሷ የሌለ ደመወዝ ታወጣለች! ይሄ ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ውሸት ነው እንጂ። አሜን ባሰኘኋት ቁጥር በማታውቀው ነገር አስፈርሜያታለሁ። አሁንም በየወሩ እንዲህ የሚያደርግ አባወራ አያለሁ፤ ደሜ ይፈላል። “ላላስጨንቃት ብዬ ነው” ይለኛል። አንተ ወንድሜ፣ እየተጨነቀች እኮ ነው፤ ምክንያቱን ነው የከለከልካት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእኔና ለአንተ ነው።

የተናገርኩ ማታ ያመሰገንነው በጣም ትንሽ ነገር ነው። የወሩ የቤት ኪራይ ተከፍሏል። ልጆቹ የሚማሩት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቡና አለ። ሦስት ብቻ ነው ያገኘነው፤ ሦስቱንም ግን ሁለታችንም እናውቃቸዋለን። ያን ማታ ተኛሁ።

መብትን “ተመስገን” ብሎ መተው

አንዲት ልጅ መጣች። አራት ዓመት ሠርታ በቅነሳ ወጥታለች። “ጋሼ፣ ጤና ካለኝ ይበቃኛል፣ ተመስገን ብዬ ወጣሁ” አለችኝ። ምንም አልተከፈላትም፤ አልጠየቀችምም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ የሚባል ነገር አለው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ለጡረታ ያልደረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲወጣ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን አለው። የእሷን ደምሩት፤ የ120 ቀን ደመወዝ ነው። ክሱ ግን በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እሷ የመጣችው በስምንተኛው ወር ነበር።

አመስግኑ። ማመልከቻውንም ጻፉ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በሌላው ሰው ፋንታ ማመስገን

“እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።” “ከአንተ የባሰ ስንት አለ።” እነዚህን ሥራ ባጣ በማግሥቱ የሚናገር ሰው ደመወዙን የሚበላ ሰው ነው፤ ያልተነካ ግልግል ያውቃል። ሰውየው ራሱ ከዓመት በኋላ ቢላቸው ያምርበታል። እናንተ ግን አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ሂዱና አዳምጡት።

ልጆችም ላይ እንዲሁ ነው። ሽሮ ሰለቸኝ ያለ ልጅ ምስጋና ቢስ አይደለም። ሽሮ ሰልችቶታል።

በብድር መዘከር

ንፍሮም ዝክር ነው።

ከእድር መጥፋት

መዋጮ ካቃታችሁ ለጸሐፊው ንገሩት። ኮሚቴው ጊዜ ይሰጣል፤ ቢያንስ የእኛው ይሰጣል። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ግን መዝገብ ላይ እንደ ማንኛውም ባለዕዳ ነው የሚታየው፤ እኔ ደግሞ መዝገቡን ማስተካከል አልችልም። የእቁብ ዳኛም እንዲሁ ነው። ዕጣ ሳይደርሳችሁ ከነገራችሁት፣ በቦታችሁ ሌላ ሰው ይተካላችኋል፤ ዕጣ በልታችሁ ከጠፋችሁ ግን ዋሳችሁን ነው የሚይዘው።

እግዜርን አመስግኖ ሰውን መርሳት

ሥራ እስኪገኝ ድረስ ያኖራችሁ እግዜር ነው። በማን እጅ እንዳኖራችሁ ግን አትርሱ። እንጀራ በሞሰብ ሸፍና የላከች ጎረቤት አለች። በዱቤ ያበላ ባለሱቅ አለ። አዲስ ሥራ ከያዙ በኋላ ሱቁን ላለማየት በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ዕዳ አይደለም የሚያሸሻቸው፤ ከፍለዋል እኮ። በዚያ ወቅት ያያቸውን ዓይን ነው የሚሸሹት።

ስታመሰግኑ ደግሞ በጥቅሉ “እናመሰግናለን” ብቻ አትበሉ። ምን እንዳደረገላችሁ ንገሩት። እኔ ሥራ ባገኘሁ የመጀመሪያው ደመወዜ የአራት ወር ዱቤዬን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ከፈልኩና እንዲህ አልኩት፦ “ልጄ ዘይት ልትወስድ ስትመጣ አንድም ቀን ሰው ፊት ሒሳቡን አንስተህባት አታውቅም። እሱን አልረሳውም።”

ደብተሩን ገለጠ። በጣቱ ወደ ታች ወረደ።

“ጋሼ” አለኝ፣ “80 ብር ይቀራል።”