በካሉ-3 የመተንፈሻ ሴሎች ላይ የመድኃኒት አጓጓዥ ፕሮቲኖችን ስንፈትሽ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በካሉ-3 ሴሎች (ከሰው የሳንባ ካንሰር የተገኙ፣ በቤተ ሙከራ እንደ ንጣፍ የሚያድጉ የመተንፈሻ ሴሎች) ላይ የሚሠራ የሁለት አቅጣጫ ሙከራ መጨረሻው አንድ ቁጥር ነው፦ የወጪ ምጥጥን። መድኃኒቱ ከታች ወደ ላይ ያለፈበት ፍጥነት ከላይ ወደ ታች ላለፈበት ተካፍሎ 2 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ «ፒ-ግላይኮፕሮቲን (መድኃኒትን ከሴል የሚያስወጣ አጓጓዥ) እየሠራ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ግን ፕሮቲኑን በስም አይጠራም። ንጣፉ ሲያፈስ፣ መድኃኒቱ ፕላስቲክ ላይ ሲቀር ወይም ሌላ አጓጓዥ ሲገባበት ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ ምርመራው ከንጣፉ ይጀምር፣ ወደ መድኃኒቱ ሒሳብ ይለፍ፣ ፕሮቲኑ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ባለ 12 ጉድጓድ ትራንስዌልን (በየጉድጓዱ ውስጥ ሴሎች የሚያድጉበት፣ ሥሩ ቀዳዳ ያለው ሽፋን የሆነ ኢንሰርት የሚቀመጥበትን ሳህን) ይመለከታሉ፦ ስፋቱ 1.12 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ቀዳዳው 0.4 ማይክሮሜትር፣ ፖሊስተር።

ችግር፦ የኤሌክትሪክ መከላከያው (ቴር፣ የንጣፉ ጥብቀት መለኪያ) ዝቅተኛ ነው ወይም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዋዥቃል

በአየርና በፈሳሽ ወሰን ላይ ለ21 ቀን ያደገ ካሉ-3 ባዶው ኢንሰርት ከተቀነሰ በኋላ ከ300 ኦም ካሬ ሴንቲሜትር በላይ ሊያሳይ ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ አለካኩን ይጠርጥሩ። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ከኢንኩቤተር ወዲያው የወጣ ሳህን ደግሞ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጉድጓድ አይመሳሰሉም። ከላይ 0.5፣ ከታች 1.5 ሚሊሊትር የሞቀ ሚዲየም ይጨምሩ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ አውጥተው ሳህኑ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለኩ። ሒሳቡ የተለካው ኦም ሲቀነስ የባዶው ኢንሰርት ኦም፣ ሲባዛ በ1.12 ነው። ስፋቱን ማባዛት ትቶ በስፋቱ ማካፈል የተለመደ ስህተት ነው።

አለካኩ ትክክል ከሆነ ምክንያቱ አዘራሩ ላይ ነው። ካሉ-3 ከፍላስኩ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ትሪፕሲን 10 እስከ 15 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ተቸኩሎ በፒፔት የተፋቀ ሴል ተጓጉሎ ይወርድና እዚህ ክምር፣ እዚያ ክፍት ቦታ ይተዋል። በካሬ ሴንቲሜትር 500 ሺህ ሴል፣ ማለትም በአንድ ኢንሰርት 560 ሺህ ገደማ፣ በ0.5 ሚሊሊትር ይዝሩ። በሁለተኛው ቀን የላዩን ፈሳሽ ያንሱ፤ ከታች 0.5 ሚሊሊትር ብቻ ይተውና በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ከታች ያለው ከበዛ ፈሳሹ ወደ ላይ ይገፋል፣ ላዩም አይደርቅም። መጠኑ ትክክል ሆኖ ሳለ በየጠዋቱ ላዩ ላይ ውኃ የሚቋጥር ኢንሰርት ግን ያፈስሳልና ለሙከራ አይጠቀሙበት።

ኤ549 (ሌላ የሳንባ ሴል ዓይነት) በዚህ ሥራ ላይ አይገባም። ጠባብ መጋጠሚያ በአግባቡ ስለማይሠራ በሁለት አቅጣጫ የሚለካበት ንጣፍ አይሆንም።

ችግር፦ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ያልፋል፣ ምጥጥኑ 1 ገደማ ነው

ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ፍሳሽ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር በሴሎች መካከል ብቻ የሚያልፍ መፈተሻ ይጨምሩ፤ ፍሎረሰሲን ሶዲየም ጤነኛ ንጣፍ ላይ በሰከንድ 10⁻⁷ ሴንቲሜትር ደረጃ ላይ ይቆያል። ነገር ግን ፍሎረሰሲን ራሱ ኤምአርፒ (ሌላ አስወጪ አጓጓዥ) የሚያጓጉዘው ነውና ኤምኬ571 (ኤምአርፒን የሚያግድ ውህድ) ባለበት ሙከራ ላይ በ4 ኪሎዳልተን ዴክስትራን ወይም በማኒቶል ይተኩት። ካልሲየም የሌለው ባፈርና 2.5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚይዝ ውህድ) የገባበት አንድ ጉድጓድ ንጣፉ ሲከፈት ቁጥሩ የት እንደሚደርስ ያሳያል።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ብዛት ነው። አጓጓዡ ሲጠግብ ተጨማሪው በራሱ ሰርጎ ያልፋል። 10 ማይክሮሞላር ላይ የጠፋ ምጥጥን 1 ማይክሮሞላር ላይ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው፤ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልገዋል። በየ30 ደቂቃው ከታች 200 ማይክሮሊትር ሲወሰድ ከ1.5 ሚሊሊትሩ 13 በመቶ ይወጣል። ከላይ 100 ሲወሰድ ግን ከ0.5 ሚሊሊትሩ 20 በመቶ ነው። በሞቀ ባፈር ተተክቶ በሒሳብ ካልታረመ፣ ከታች ወደ ላይ ያለፈው ከሌላው የበለጠ ይጎድላል፤ እውነተኛ ምጥጥንም ሳይታወቅ ይወርዳል። ቀመሩን በምሳሌ ይፈትሹት፦ ሰጪው በኩል 10 ማይክሮሞላር ሆኖ በሰዓት 0.04 ናኖሞል ካለፈ ውጤቱ በሰከንድ 1 × 10⁻⁶ ሴንቲሜትር መሆን አለበት። 60 እጥፍ ልዩነት ካዩ ደቂቃው ወደ ሰከንድ አልተቀየረም።

ችግር፦ ምጥጥኑ ከፍተኛ ነው፣ ኢንሂቢተሩ (አጓጓዡን የሚያግደው ውህድ) ግን አይቀንሰውም

በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው፣ ዲጎክሲንና ሮዳሚን 123 ላይ በተለይ። ሁለቱም የፒ-ግላይኮፕሮቲን መፈተሻ ተብለው ይታወቃሉ፤ ሮዳሚን 123 ግን በኦርጋኒክ ካታዮን አጓጓዦችም ይገባል፣ ሚቶኮንድሪያ ውስጥም ይከማቻል። በካሉ-3 ላይ የዲጎክሲን ወደ ላይ መሄድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ ኢንሂቢተሩ በእርግጥ መድረሱን ያረጋግጡ። በሁለቱም በኩል ይጨመር፣ መድኃኒቱ ከመግባቱ 30 ደቂቃ በፊት ይቅደም፣ በ37 ዲግሪ ባፈሩ ውስጥ አለመዝቀጡ ይታይ። ዲኤምኤስኦ (ኢንሂቢተሩ የሚሟሟበት ፈሳሽ) ከ0.5 በመቶ ባይበልጥና በመቆጣጠሪያው ጉድጓድም እኩል ቢሆን ይመረጣል። ያንኑ ኢንሂቢተር ከዚያው ጠርሙስ በኤምዲሲኬ2-ኤምዲአር1 ሴሎች (የሰው ፒ-ግላይኮፕሮቲን እንዲሠሩ የተደረጉ የውሻ ኩላሊት ሴሎች) ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከሠራና በካሉ-3 ላይ ካልሠራ፣ የሚያወጣው ሌላ ፕሮቲን ነው ብሎ መፈለግ ይገባል።

ፍለጋው በአንድ ኢንሂቢተር አያልቅም። ቬራፓሚል ኦርጋኒክ ካታዮን አጓጓዦችንም ያግዳል፤ ኤላክሪዳር ፒ-ግላይኮፕሮቲንንና ቢሲአርፒን (ሌላ አስወጪ አጓጓዥ) አብሮ ይይዛል፤ ኬኦ143 መጠኑ ሲጨምር ከቢሲአርፒ አልፎ ሌሎቹን ይነካል። ስለዚህ ዞሱኪዳር (ለፒ-ግላይኮፕሮቲን)፣ ዝቅተኛ ኬኦ143ና ኤምኬ571 ጎን ለጎን ይሂዱ፣ እያንዳንዳቸውም በተለያየ መጠን። በ4 ዲግሪ መሥራት አቋራጭ ይመስላል፤ ሆኖም ቅዝቃዜ በራሱ የሚያልፈውንም ስለሚያዘገይ ለብቻው አይበቃም።

ችግር፦ ኢንሂቢተሩ ሲገባ ሁለቱም አቅጣጫ ይፈጥናል

ንጣፉ ተጎድቷል። ከሙከራው በፊትና በኋላ ቴርን ያወዳድሩ፣ የመፈተሻውንም ቁጥር ይዩ። ፍሎረሰንስ የሚያነቡ ከሆነ ኢንሂቢተሩ ራሱ እንዳያበራ ወይም እንዳያደበዝዝ መጠኑ የሚነበብበትን የመለኪያ መስመር (ስታንዳርድ ከርቭ) ኢንሂቢተሩ ባለበት ባፈር ያዘጋጁ።

ችግር፦ ምጥጥኑ ከ1 በታች ነው

ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ኤምአርፒ1 በመተንፈሻ ሴሎች የሚቀመጠው በታችኛው በኩል ነው፤ መድኃኒትን ወደ ደም አቅጣጫ ይገፋል። ፔፕት2ና ኦሲቲኤን2 የተባሉ አስገቢ አጓጓዦች ደግሞ ከላይ ያስገባሉ። ንጣፉና ሒሳቡ ደህና ከሆኑ የሚፈተሹት እነዚህ ናቸው።

ችግር፦ የገባውና የተገኘው አይገጥምም

ሙከራው ሲያልቅ በሰጪው፣ በተቀባዩና በሴሎቹ ውስጥ ያለውን ይደምሩ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የጎደለውን ሳያገኙ ምጥጥኑን አይተርጉሙ። ሴል በሌለው ኢንሰርት ላይ ይድገሙት፤ እዚያም ከጠፋ ፕላስቲኩ ይዞታል። እዚያ ካልጠፋ ንፍጡን ይመልከቱ፦ በአየር ላይ ያደገ ካሉ-3 ንፍጥ ስለሚያመነጭ ከሙከራው በፊት በሞቀ ባፈር ሁለት ጊዜ በቀስታ ይታጠብ። ሁለቱም ካልሆኑ ሴሎቹ መድኃኒቱን ለውጠውት ሊሆን ይችላልና በማስ ስፔክትሮሜትሪ የተለወጠውን ውህድ ይፈልጉ።

ችግር፦ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠኑ ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ) ላይ መስመር የለም፣ ወይም ከላይ ተጓጉሎ ቀርቷል

ፒ-ግላይኮፕሮቲን 170 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፤ በ95 ዲግሪ ሲፈላ ይጓጎልና ጄሉ ውስጥ አይገባም። ናሙናውን በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። መስመሩ ከተገኘም ፕሮቲኑ መኖሩን እንጂ በላይኛው ሽፋን ላይ መቀመጡን አይነግርምና በኢሚውኖፍሎረሰንስ ጎኑን ያረጋግጡ። የኤምአርኤንኤ ብዛት ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነገር ይናገራል።

ችግር፦ ባለፈው ወር የነበረው ውጤት ዛሬ አይደገምም

የፓሴጅ ቁጥሩን (ሴሎቹ ስንት ጊዜ ተከፍለው እንደገና እንደተዘሩ) ይዩ። አጓጓዦች በፓሴጅና በማደጊያ ቀን ብዛት ይለዋወጣሉ፤ በአየር ላይ ያደገና በፈሳሽ ውስጥ ያደገም አንድ አይደሉም። ቀድሞ ብዙ ቫያል አቀዝቅዘው በ10 ፓሴጅ ክልል ውስጥ ብቻ ይሥሩ፣ ማይኮፕላዝማ በየጊዜው ይመርምሩ፣ የሴረሙን ባች ሲቀይሩ አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ሳህን ላይ ያወዳድሩ። ውጤት ሲጽፉ የፓሴጁን ቁጥር፣ የማደጊያውን ዘዴና የሙከራውን ቀን አብረው ያስፍሩ፤ እነዚህ ከሌሉ ሌላ ቤተ ሙከራ ቁጥሩን ከራሱ ጋር ሊያነጻጽር አይችልም።