የልብ ደም ቧንቧ ጥበት ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ያስፈልገው እንደሆነ እንዴት ይለያል?

«70 በመቶ ጠቧል» የሚል ወረቀት ይዞ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ ቤተሰብ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ 70 የተባለው በምስል ላይ በዓይን ታይቶ ነው ወይስ በቧንቧው ውስጥ ያለው የደም ግፊት ተለክቶ? ተቀምጠውም የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ ግን ልኬት አይጠበቅም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

አንጂዮግራፊ (ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ የደም ቧንቧ ራጅ) የቧንቧውን ጥላ ነው የሚያሳየው። ፌም የተባለው ጥናት ሲተነተን፣ በዓይን ከ50 እስከ 70 በመቶ ከተገመቱት ጥበቶች በግፊት ልኬት ደም የሚያሳጡ ሆነው የተገኙት 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሲቲ ስካንም ካልሲየም የበዛበትን ቧንቧ ከልኩ በላይ አጥብቦ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መካከለኛ ጥበት ሲሆን ግፊቱ ቢለካ ይሻላል።

1. ኤሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የአንጂዮግራፊውን ሲዲ ይያዙ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

2. ቡና ያቁሙ። ኤፍኤፍአር (FFR) በተባለው የግፊት ልኬት የሚሰጠው አዴኖሲን የተባለ መድኃኒት የልብን ጥቃቅን ደም ሥሮች ይከፍታል፤ ካፌይን ይህን ያግደዋል። ያኔ ጥበቱ ቀላል መስሎ ይታይና አስፈላጊ ስቴንት ሊቀር ይችላል። ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቢቻል ሙሉ ቀን ቡና፣ ሻይና ኮካ አይጠጡ። አዘዞ አየር ማረፊያ በረራ ሲጠብቁ የሚቀመስ አንድ ስኒም ይቆጠራል፣ አቦል ብቻ ቢሆንም። አስም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ ይናገር።

3. ልኬቱ። ቀጭን የግፊት ሽቦ ጥበቱን አልፎ ይገባል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ደረት ጨምደድ፣ ፊት ሞቅ ይላል፤ ሲቆም ቶሎ ይለቃል።

4. ቁጥሩን ያንብቡ። ዋናው መሳሳቻ እዚህ ነው። ከጥበቱ በፊት ያለው ግፊት 90፣ በኋላ ያለው 70 ከሆነ፣ 70 ለ90 ሲካፈል 0.78 ነው። በኤፍኤፍአር 0.80 እና ከዚያ በታች ጥበቱ ደም ያሳጣል ማለት ነው። አይኤፍአር (iFR) የተባለው ሌላው የግፊት ልኬት ግን ያለ አዴኖሲን ስለሚለካ ወሰኑ 0.89 ነው። አንድ ዓይነት 0.85 በኤፍኤፍአር ከሆነ ስቴንት አያስቸኩልም፤ በአይኤፍአር ከሆነ ግን ጥበቱ ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙ ሳይጻፍ ቁጥር ብቻ ካለ አይቀበሉ፤ ያስጽፉ። ለስቴንት የማያደርስ ቁጥር ቢወጣም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ የታዘዘው የኮሌስትሮል መድኃኒት ይቀጥላል።

5. በመጨረሻ ሽቦው ወደ ካቴተሩ (ሽቦው ወደ ልብ የገባበት ቀጭን ቱቦ) ጫፍ ሲመለስ ሁለቱ ግፊቶች እኩል መሆናቸው ይታያል። ንባቡ ከ1.00 በላይም ሆነ በታች ከ0.03 በላይ ከራቀ ልኬቱ ይደገማል፤ በተለይ ውጤቱ 0.79 ወይም 0.81 ከሆነ ይህን ሐኪሙን ይጠይቁ።