የሽጉጥ ምላጭ ሞላ ከቦታው ሲንሸራተት

ጀርመን ውስጥ፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለው የዒላማ ተኩስ ክለባችን የልጆቹን የአየር ሽጉጦች የምከታተለው እኔ ነኝ። ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄም ቃሌም የጋራዥ ነው። ስለዚህ ሞላ፣ ብሎን፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) እያልኩ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ጥር አንዲት የ14 ዓመት ሐበሻ ልጅ ከተኩስ መስመሩ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ግድግዳው ጠፋብኝ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የውድድር ሽጉጥ ምላጭ ሁለት ጉዞ አለው። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ ግድግዳ የነካ ይመስል ቆም ይላል፤ ትንሽ ጨመር ስታደርጉበት ይተኩሳል። ያ ግድግዳ ከሌለ ጥይቱ መቼ እንደሚወጣ አታውቁም። በ10 ሜትር ርቀት፣ 11.5 ሚሊሜትር ስፋት ላለው የአስር ክብ፣ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ምላጩ ክብደት ማስተካከያ ብሎን ነው። እባካችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ምላጩ ለመሳብ ስንት ግራም እንደሚፈልግ መዝኑ። ምላጭ መመዘኛ ሚዛን ካላችሁ አስር ጊዜ ሳቡና ቁጥሩን ጻፉ። የዚያች ልጅ ሽጉጥ አንዴ 510 ግራም፣ አንዴ 430፣ አንዴ 560 ይል ነበር። ምርመራው ያለቀው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ብሎን ዞሮ ከሆነ ክብደቱ ይሳሳታል፣ ግን ሁሌም በአንድ ልክ ነው የሚሳሳተው። ቆሻሻ ከገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሻከር ይላል። በእያንዳንዱ ስበት የሚዋዥቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሞላውን ነው፤ ማረፊያ ጎድጓዳው ውስጥ በትክክል አልተቀመጠም።

ከመክፈታችሁ በፊት የአየር ሲሊንደሩን ንቀሉ። መጫኛውን ከፍታችሁ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሲሊንደሩ ቢወጣም ውስጥ የቀረ አየር ሊኖር ይችላል፤ ወደ ዒላማው አዙራችሁ አስወጡት። «ባዶ ነው» ብሎ የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑ፣ እኔንም ቢሆን።

ከዚያ እጀታውን በብሩጎላ ፍቱ። የምላጩ ክፍል ሲታይ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ይህች ፎቶ ብዙ ጊዜ አድናኛለች። ሥራውን ነጭ ጨርቅ ያነጠፋችሁበት ትሪ ላይ አድርጉት፣ መነጽርም አድርጉ። ሩዝ የምታህል ሞላ ተፈናጥራ ምንጣፍ ውስጥ ከገባች ደህና ሰንብቱ በሏት።

አሁን በባትሪና በአጉሊ መነጽር እዩ። ጥቅልል ሞላ ከሆነ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ሁለቱም ጫፎቹ ማረፊያቸው ውስጥ መግባት አለባቸው። አንዱ ጎኑ ብቻ ከተፋቀና ካብረቀረቀ ተጋድሞ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ባለ ሁለት እግር ሞላ ከሆነ ደግሞ እግሩን ተከተሉ። የልጅቷ ሽጉጥ ችግር እዚያ ነበር። አንደኛው እግር ከቦዩ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። ምላጩ ሲሳብ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል። ከጽዳት በኋላ በችኮላ ሲገጠም የሆነ ነገር ይመስለኛል።

ሞላው ከተወጠረ አትታገሉት። ማስተካከያውን ብሎን ስንት ዙር እንደፈታችሁ እየቆጠራችሁ አላሉት፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። እግሩን ወደ ቦዩ የምገፋው በስቴኪኒ ነው፣ ካቻቢቴ አልጠቀምም። ብረት ይፍቃል፣ እንጨት አይፍቅም። ሞላውን በፒንሳ ማጠፍ ወይም መሳብ ፈጽሞ አይሆንም። የተጣመመ ሞላ አዲስ ይገዛለታል፣ ዋጋው ውድ አይደለም። ዘይት የምታደርጉ ከሆነ የአምራቹ መመሪያ በሚለው ቦታ ብቻ፣ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ታህል ይበቃል።

ብሎኑን በጻፋችሁት ዙር ልክ መልሱ። ሽጉጡ ያለ ጥይት መለማመጃ ካለው ሃያ ጊዜ ሳቡት፣ ከዚያ እንደገና አስር ጊዜ መዝኑ። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ካልመጡ እንደገና ክፈቱ። ቀጥሎ ያለ ጥይት ወጥሩና የሽጉጡን ገላ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ። ምላጩ ሳይነካ ከለቀቀ ችግሩ ከሞላው ያለፈ ነው። እዚያ ላይ ቁሙና ለባለሙያ ስጡት። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

በዓለም አቀፉ ደንብ የ10 ሜትር አየር ሽጉጥ ምላጭ ከ500 ግራም ማነስ የለበትም። ሲፈተሽ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ፣ የ500 ግራም መፈተሻ ክብደት ምላጩ ላይ ተንጠልጥሎ ይነሳል፤ ምላጩ ሳይለቅ ክብደቱን መሸከም አለበት። ቢበዛ ሦስት ሙከራ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ልክ 500 ላይ አላቆምም። የልጅቷን 520 ላይ አድርጌ፣ ቀኑንና የብሎኑን ዙር ቁጥር ጽፌ፣ ወረቀቱን ከሽጉጡ ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጠፍኩት።