የኤፍኤስሲ ሰርተፍኬት ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት፦ ከቢን ካርድ እስከ ኦዲት

ደንበኛው ጠረጴዛውን ወደደው። ዋጋውም ተስማማው። ከዚያ «ኤፍኤስሲ አላችሁ?» አለ። ከሆቴል፣ ከኤምባሲ ወይም ከውጭ ገዢ ጋር የሚሠራ የፈርኒቸር ቤት ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን የምንመልሰው «እንጨታችን ሕጋዊ ነው፣ ደረሰኝ አለን» ብለን ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። የተጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኤፍኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የደን ምክር ቤት ነው፤ ምልክቱ እንጨቱ በኃላፊነት ከሚተዳደር ደን መምጣቱን ለገዢው ይናገራል። ጽሕፈት ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ከተማ ይገኛል። ሁለት ዋና ዋና ሰርተፍኬቶች አሉት። አንዱ ለደኑ ነው። ሌላው ደግሞ እንጨቱ ከደን ወጥቶ በመሰንጠቂያ፣ በጅምላ ሻጭና በአናጺ እጅ ሲያልፍ ለሚረከበው ሁሉ የሚሰጥ ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ነው፤ የቅብብሎሽ ሰንሰለት እንበለው። ስለዚህ «ዛፍ ተክለዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅዎት የለም። የሚፈተነው መጋዘንዎና መዝገብዎ ነው። እኔ ለሰው ሳስረዳ «ማዕረግ ያገኘ ቢን ካርድ ነው» እላለሁ፤ ቢን ካርድ ማለት ወደ መጋዘን የገባውና የወጣው ዕቃ የሚመዘገብበት ካርድ ነው።

1. መጀመሪያ፣ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

ምልክቱ ያለበትን ያለቀ ዕቃ ገዝተው እንዳለ ለተጠቃሚው የሚሸጡ ከሆነ አያስፈልግዎትም። ጣውላ ወይም ኤምዲኤፍ ገዝተው፣ ቆርጠውና አጣብቀው፣ የሠሩትን ዕቃ «ኤፍኤስሲ ነው» ብለው መሸጥ ከፈለጉ ግን የግድ ነው። የገዙት እንጨት ሰርተፍኬት ቢኖረው እንኳ እርስዎ ከሌለዎት ሰንሰለቱ በእርስዎ በር ላይ ይበጠሳል።

ደንበኛው የፈለገው የትኛውን እንደሆነም ይጠይቁ። ፒኢኤፍሲ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሌላ የደን ሰርተፍኬት ሥርዓት አለ፤ አንዳንድ ገዢ እሱን ይቀበላል። እና አንድ ሰው አንዴ ስለጠየቀ ብቻ አይጀምሩ። ወጪው በየዓመቱ ይመጣል።

2. ለማንም ሳይከፍሉ አቅራቢዎን ይመርምሩ

ነገሩ ሁሉ የሚወድቀው ወይም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሰው ግን ከዚህ አይጀምርም። አማካሪ ይቀጥራል፣ መመሪያ ያጽፋል፣ መጋዘን ያሰምራል፤ በመጨረሻ ሰርተፍኬት ያለው እንጨት የሚሸጥለት ያጣል።

ሰርተፍኬት ያለው አቅራቢ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር በኤፍኤስሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው የሰርተፍኬት መፈለጊያ ያስገቡት። ነጻ ነው። ሦስት ነገር ይዩ። ሰርተፍኬቱ ዛሬ ይሠራል ወይስ ታግዷል? በስሙ የተመዘገበው ድርጅት ደረሰኝ የሚሰጥዎት ድርጅት ነው? የሚገዙት የዕቃ ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ አለ? ለወረቀት ሰርተፍኬት ያለው ነጋዴ ኮምፔንሳቶውን በዚያው ቁጥር ሊሸጥልዎት አይችልም።

ቀጥሎ ደረሰኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አቅራቢው ሰርተፍኬት ስላለው ብቻ የሸጠልዎት እንጨት ኤፍኤስሲ አይሆንም። ደረሰኙ ላይ ወይም የዕቃ ማስረከቢያው ላይ ሁለት ነገር መጻፍ አለበት፦ መለያ ቁጥሩ፣ እና እያንዳንዱ ዕቃ የተሸጠበት ስያሜ። ስያሜው «ኤፍኤስሲ 100%» (ሁሉም ሰርተፍኬት ካለው ደን)፣ «ኤፍኤስሲ ሚክስ ክሬዲት»፣ «ኤፍኤስሲ ሚክስ 70%» (ሚክስ ማለት ቅልቅል ነው) ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስያሜው ካልተጻፈ እንጨቱ ተራ እንጨት ነው። ሻጩ በስልክ «አይዞህ፣ የኤፍኤስሲው ነው» ቢልዎት ኦዲተሩ ስልክ አይቀበልም። ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ ወረቀቱን ያንብቡ፤ ከወረደ በኋላ ማስተካከያ መለመን ነው።

የአገር ውስጥ እንጨት ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ ጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ጣውላዎ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። ሕጋዊነት ግን አንድ ነገር ነው፣ ኤፍኤስሲ ሌላ። እንጨቱ የወጣበት ደን ራሱ ሰርተፍኬት ከሌለው የእርስዎ መዝገብ ምንም ቢጸዳ አያድነውም። በዚያ ላይ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ በደን ሕጋችን ለረጅም ጊዜ ጥበቃ የተደረገላቸው ዛፎች ናቸው። የእነሱን ጣውላ «የድሮ ዕቃ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለቴ ይዩ።

የፈረሰ ቤት እንጨትስ? ይህ ደስ የሚል በር ነው። አገልግሎት ሰጥቶ የተነሳ እንጨት ሻጩ ሰርተፍኬት ባይኖረውም ሊገባ ይችላል። ከየት እንደተነሳ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የፈረሰው ቤት ቦታ፣ ፎቶ፣ የሻጩ ሰነድ። ያረጁ ወራጆችን ወደ ጠረጴዛ የሚቀይር ሥራ ቤት ካለዎት መጀመሪያ ይህን መንገድ ያስቡበት።

3. ብቻዎን ወይስ በቡድን?

ለትንንሽ ድርጅቶች የቡድን ሰርተፍኬት አለ። በጠቅላላው ደንብ መሠረት እስከ 15 ሠራተኛ ያለው መግባት ይችላል። እስከ 25 ሠራተኛ ያለውም ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካልበለጠ ይገባል። አንዳንድ አገሮች የራሳቸው ልክ ስላላቸው የሚኖሩበትን ይጠይቁ። በቡድን ውስጥ አንድ አስተባባሪ አካል ሰነዱን ያዘጋጃል፣ አባላቱን በየዓመቱ ይመረምራል። የውጭው ኦዲተር ከአባላቱ የተወሰኑትን መርጦ ያያል፤ ወጪው ይከፋፈላል። ጉዳቱ የጎረቤት ጥፋት ለእርስዎም መትረፉ ነው። ዕቁብ እንደመግባት ነው፤ አብሮ የሚገባውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል።

4. ሰርተፍኬት ሰጪ መምረጥ

ኤፍኤስሲ ራሱ ሰርተፍኬት አይሰጥም። የሚሰጡት ዕውቅና ያላቸው ገለልተኛ ድርጅቶች ናቸው፤ ኤስጂኤስ፣ ቢሮ ቬሪታስ፣ ኮንትሮል ዩኒየንና ፕሪፈርድ ባይ ኔቸር ከእነሱ መካከል ናቸው። ከሁለት ወይም ከሦስት ዋጋ ይጠይቁ። ሲያወዳድሩ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን የአምስቱንም ዓመት ድምር ይዩ፤ ሰርተፍኬቱ ለ5 ዓመት ነው፣ ኦዲቱ ግን በየዓመቱ። የኦዲተሩ አውሮፕላን ትኬትና አበል በማን ነው? ይህ ወጪ ለአዲስ አበባ ሥራ ቤት ከኦዲት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል። በሽያጭዎ መጠን የሚሰላ የኤፍኤስሲ ዓመታዊ ክፍያም አለ። በምልክቱ ስለመጠቀምም ውል ይፈርማሉ።

5. መጋዘኑንና መዝገቡን ማሰናዳት

አንድ ኃላፊ ይሰይሙ። ትንሽ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም የሒሳብ ሠራተኛዋ ትሆናለች። ከዚያ አጭር መመሪያ ይጻፉ፦ ዕቃ ሲገባ ማን ምን ያያል፣ የት ይቀመጣል፣ ሲሸጥ ምን ይጻፋል። አምስት ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ሃምሳ ገጽ ይዘው ከቀረቡ ኦዲተሩ በራስዎ መመሪያ ይይዝዎታል። የጻፉትን ካላደረጉ ጥፋት ነውና።

ለጀማሪ የሚመቸው የዝውውር ዘዴ የሚባለው ነው። የገባው ስያሜ ለወጣው ዕቃ ይተላለፋል። «100%» እና «ሚክስ» ቀላቅለው አንድ ወንበር ከሠሩ ወንበሩ ዝቅተኛውን ስያሜ፣ ማለትም «ሚክስ»ን፣ ይይዛል።

ኤፍኤስሲ የሆነውና ያልሆነው እንጨት እንዳይቀላቀል ያድርጉ። የጣውላውን ጫፍ አረንጓዴ መቀባት ይበቃል። ግን ልብ ይበሉ፦ ጣውላው ሲቆረጥ ቀለሙ የቱ ጋ ይቀራል? ቁርጥራጩን በሥራው ትዕዛዝ ቁጥር ያያይዙት።

ከዚያ ሒሳቡ። እንበል 10 ሜትር ኩብ ገዙ። ከመሰንጠቅና ከመላግ በኋላ፣ ሰጋቱራና ቁርጥራጩ ወጥቶ፣ 6 ሜትር ኩብ ለዕቃ ዋለ። በደረሰኝ ግን 7 ሜትር ኩብ ኤፍኤስሲ ብለው ሸጡ። አንዱ ሜትር ኩብ ከየት መጣ? ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ስለዚህ ከጣውላ ወደ ዕቃ ስንት እንደሚወጣልዎት በራስዎ ሥራ ለክተው ይያዙ፤ ከሰው አይዋሱ። ቢን ካርዱ፣ የግዢ ደረሰኙና የሽያጭ ደረሰኙ መስማማት አለባቸው። ሰነዶቹ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጣሉ።

ስለ ሠራተኛ መብትም ራስዎን ገምግመው ይጽፋሉ፦ የሕፃናት ጉልበት፣ የግዳጅ ሥራ፣ መድልዎ፣ የመደራጀት መብት። «ሙያ ይልመድ» ተብሎ መጥቶ ክብ መጋዝ ላይ የቆመ ልጅ ካለ ነገሩ ከሰርተፍኬትም ያልፋል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ከ15 ዓመት በታች መቅጠር አይቻልም፤ ከ18 በታች ያለ ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም።

6. የኦዲት ቀን

ኦዲተሩ አንድ የተሸጠ ዕቃ መርጦ ወደ ኋላ ይከተለዋል። ከሽያጭ ደረሰኝ ወደ ሥራ ትዕዛዝ፣ ወደ ቢን ካርድ፣ ወደ ግዢ። ኦዲት ሳይመጣ እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከፈጀ ፋይልዎ ችግር አለበት። ኦዲተሩ መጋዘን ጠባቂውንም ያናግረዋል፤ «አረንጓዴው ቀለም ምንድን ነው?» ሲባል «እኔ አላውቅም፣ አለቃን ጠይቁ» ካለ ሥልጠናው በወረቀት ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሰርተፍኬቱ ሥራ ላይ እያለ ከተገኙ ጉድለቶች ከባዱ በ3 ወር፣ ቀላሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታረማል። በመጀመሪያው ኦዲት ከባድ ጉድለት ከተገኘ ግን ሳይታረም ሰርተፍኬት አይሰጥም።

7. ሰርተፍኬቱ ከወጣ በኋላ

አሁን በእርስዎ ደረሰኝ ላይ የእርስዎ ቁጥርና ስያሜው ይጻፋል። ምልክቱን ዕቃ፣ ካርድ ወይም ባነር ላይ ከማሳተምዎ በፊት ንድፉን ለሰርተፍኬት ሰጪው ልከው ያስጸድቁ። ማተሚያ ቤት ከሄዱ በኋላ ማሰብ ውድ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚልኩ ከሆነ ቡና ላኪዎቻችንን ያስጨነቀው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ እንጨትንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተጨፈጨፈ መሬት የመጣ እንዳይሆን፣ የመሬቱ መገኛም እንዲታወቅ ይጠይቃል። የኤፍኤስሲ ሰነድ ያግዛል እንጂ አይተካውም። ሕጉ የሚተገበርበት ቀን ደጋግሞ ስለተራዘመ ገዢዎን ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድም የኤፍኤስሲ ዕቃ ሳይሸጡ ቢቀሩስ? ያጋጥማል። የዓመቱ ኦዲት ሳይደርስ ለሰርተፍኬት ሰጪው ይንገሩ። ምንም እንዳላመረቱና እንዳልሸጡ ፈርመው ከሰጡ የዚያ ዓመት ኦዲት ሊቀርልዎት ይችላል። በተከታታይ ግን ከሁለት ዓመት አያልፍም።